ጋሼ፣ ሞቆኝ ነው ያደርኩት (ምስጋና እና ጥቆማ)

ይሄን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ሥራው፣ መብራቱ፣ ድካሙ፣ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ትናንት ማታ ግን ቢሮ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደወለች። ለወንጪ ጉዞ ስሊፒንግ ባግ (ገብተው የሚተኙበት ወፍራም ከረጢት) ልትገዛ ነው። ከየት ሱቅ እንደምትገዛ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። እኔ የተቃጠልኩበት ቤት ነው! ስለዚህ ተቀመጥኩ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የማመሰግናቸው ጋሼ መርካቶ ያሉ ዕቃ ጠጋኝ ናቸው፣ እሳቸው ጋ እንደርሳለን። መራራውን ግን አስቀድሜ ልገላገለው።

አምና ታኅሣሥ ላይ ከእግር ጉዞ ጓደኞቼ ጋር ባሌ ሄድን። መስከረም 2016 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ፓርክ ማለቴ ነው። ዲንሾ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር፣ ጓዙ በፈረስ። እኔ ድንኳን አልፈልግም ብዬ ነበር። አንድ ቪዲዮ ላይ ሰውዬው ድንኳን ሳይተክል ቢቪ በሚሉት ነገር ውስጥ ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሲያድር አይቼ ቀናሁ። ለማታውቁት፣ ቢቪ ስሊፒንግ ባጉን ከነሰውዬው የሚውጥ ውሃ የማያስገባ ልባስ ነው። ጣሪያም ግድግዳም እሱው ነው። ክብደቱ ከአንድ ሊትር ውሃ ያንሳል። ተጠቅልሎ ቦርሳ ጥግ ይገባል።

ስሊፒንግ ባግ ልገዛ ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ይሄ እስከ ማይነስ 15 ዲግሪ ይይዛል» አለኝ። ማይነስ 15 ከሰማሁ በኋላ ምን ልጠይቅ? 9,000 ብር ከፈልኩ። የት እንደማድር አልጠየቀኝም። ብርድ እችል እንደሆነ አልጠየቀኝም። ቢቪውን ደግሞ በቴሌግራም ከሚሸጡ ሰዎች ገዛሁ። «ኦርጅናል ነው እህት» ተባልኩ። እህት ተብዬ ነው የተበላሁት።

ያደርነው ጋርባ ጉራቻ ነው። ጥቁሩ ሐይቅ እንደማለት ነው፣ ከፍታው 3,950 ሜትር። ቀን ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ፀሐይ ስትገባ ግን ብርዱ በር እንደከፈቱለት ሰው ዘው ይላል። ያለኝን ልብስ ሁሉ ለብሼ ገባሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ «አሁን ይሞቀኛል» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ከዚያ በኋላ የጥርሴን ድምፅ ነው የማስታውሰው። እግሬ የኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ። አስር ሰዓት ላይ ተሸንፌ ወጣሁ። ከፈረስ ነጂዎቹ አንዱ፣ ልጅ እግር ነው፣ አንዲት ቃል ሳይናገር የራሱን ብርድ ልብስ አውልቆ ደረበልኝ። እዚህም ላይ አመሰግነዋለሁ።

ሲነጋ ስሊፒንግ ባጉን ስዳብሰው እርጥብ ነው። ዝናብ አልዘነበም። እንደምንም ብዬ ልናገረው፣ ሸንቼበት ይሆን እንዴ ብዬ ሰው ሳያየኝ አሸተትኩት።

አዲስ አበባ ስመለስ ሱቁ ሄድኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። ቀጥሎ ያለውን ግን እስካሁን አልረሳሁትም፦ «እህቴ፣ ዕቃው ምንም አልሆነም፤ አንቺ ነሽ ብርድ የማትችዪው።» የቴሌግራሞቹ ደግሞ መልዕክቴን አይተው ዘጉኝ። የስሊፒንግ ባጉ ዚፕም በመጀመሪያው ጉዞ ተፈልቅቆ ነበር። ላሠራው አንድ ሌላ ቤት ሰጥቼ ሁለት ወር «ነገ ነይ» ሲሉኝ ከርመው፣ እንደነበረ መለሱልኝ። እንደነበረም አይደለም፣ የዘይት ጠብታ ጨምረውበት ነው።

እናቴ በበኩሏ ደስ አላት። «ቤት እያለሽ ሜዳ ላይ ለማደር ገንዘብ ትከፍያለሽ፣ ይበልሽ!»

እንግዲህ ወደ ጋሼ እንምጣ።

ስማቸውን አልጽፍም። «በአደባባይ እንዳትጠሪኝ» ብለውኛል፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። መርካቶ ውስጥ ሸራና ድንኳን ከሚሰፉት መሃል ናቸው። ቦታዋ ጠባብ ናት። አንድ የስፌት መኪና አለች፣ አንድ መደርደሪያ፣ የተቆለለ ካርቶን። ወጣት ሳሉ ሰሜን ተራራ ላይ ለቱሪስት ምግብ አብሳይ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ደባርቅን፣ ሳንካበርን፣ ግጭን እንደ ሰፈራቸው ነው የሚያወሩት። ፈረንጆቹ ሲመለሱ ጥለውላቸው የሚሄዱትን ዕቃ እየጠገኑ ነው ይሄን ሙያ የለመዱት።

እኔ የሄድኩት ለዚፕ ብቻ ነበር። ዚፑን አዩት። ተንሸራታቿን ብቻ በፒንሳ ጨመቅ፣ ጨመቅ አደረጓት። ተዘጋ። ሁለት ወር የተመላለስኩበት ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም! «ስንት ልክፈል?» ስል «ምን ሠራሁና» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ግን ልጄ፣ ይሄን ይዘሽ የት ነው ያደርሽው?» አሉ።

የት ነው ያደርሽው። ዕቃውን ስገዛ ማንም ያልጠየቀኝን እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። ተዘረገፍኩላቸው። ማይነስ 15ቱን፣ ጥርሴን፣ እርጥበቱን፣ ያሸተትኩትን ሳይቀር ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም።

መነጽራቸውን አደረጉና ከባጉ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ነጭ ጨርቅ ፈልገው አወጡ። ዓመት ሙሉ ይዣት አይቻት አላውቅም። ሦስት ቁጥር አለባት። 5፣ 0፣ ማይነስ 15። በጣታቸው እየነኩ ነገሩኝ። «የመጀመሪያዋ ተመችቶሽ የምታድሪባት ናት። ሁለተኛዋ ጠንካራ ወንድ ተኮራምቶ የሚያድርባት ናት። ሦስተኛዋ፣ ልጄ፣ ሳትሞቺ የምትነጊባት ናት። ለአንቺ የሸጡልሽ ሦስተኛዋን ነው።»

ከዚያ ሒሳብ አሠሩኝ። አንድ ሺህ ሜትር በወጣሁ ቁጥር ስድስት ዲግሪ ገደማ ልቀንስ። አዲስ አበባ ለሊት ስንት ነው? ጋርባ ጉራቻስ ከዚህ በስንት ይበልጣል? እኔ ባንክ ውስጥ ሒሳብ ላይ የምውል ሰው ነኝ። አፈርኩ።

አሁን ልነግራችሁ የተቀመጥኩበት ነገር መጣ። «ሻይ ትጠጫለሽ?» አሉኝ። እሺ አልኩ። አንዲት ልጅ ሁለት ብርጭቆ የሚፋጅ ሻይ አመጣች። ጋሼ ግን አንዱንም አልሰጡኝም። የኔን ቢቪ ጫፉን ጎትተው በአንደኛው ብርጭቆ አፍ ላይ ወጠሩት። ላዩ ላይ ባዶ ብርጭቆ ደፉ። ከመደርደሪያው ደግሞ ሌላ ያገለገለ ቢቪ አውርደው በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ እንደዚያው አደረጉ። «ዝም ብለሽ እይ» አሉ። ዝም ብዬ አየሁ። ጎረቤት ያሉትም መጥተው ማየት ጀመሩ።

ትንሽ ቆይቶ በእሳቸው ቢቪ ላይ የተደፋው ብርጭቆ ጭጋግ ለበሰ። በኔ ላይ ያለው ጥርት እንዳለ ነው። እኔ ደስ አለኝ፣ የኔው ያሸነፈ መስሎኝ! ጨርቄን ገልብጠው ሲያሳዩኝ ግን ከሥሩ ውሃ አቋጥሮ ሻዩ ውስጥ ይንጠባጠባል። «ይሄኛው ትንፋሽሽን ወደ ውጪ ያሳልፋል። ያንቺ ግን ፌስታል ነው። ፌስታል ውስጥ ገብተሽ ነው ያደርሽው። ያረጠበሽ የራስሽ ላብና ትንፋሽ ነው።» ከዚያ በእሳቸው ጨርቅ ላይ ከጆግ ውሃ አፈሰሱበት። በላዩ ተንከባሎ ወረደ፣ ወደ ውስጥ ጠብ አላለም። የጨርቁን ስምና አሠራር አስረድተውኝ ነበር፣ አንድም ቃል አልያዝኩም። ብርጭቆው በቂዬ ነው። ሻዩ ግን ቀዝቅዞ ነው የጠጣሁት።

«ከሥርሽስ ምን አነጠፍሽ?» ቀጠሉ። ምንም። ቢቪው አለ ብዬ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተኛሽበት ወገን በክብደትሽ ተጨፍልቋል። የተጨፈለቀ ነገር አያሞቅም። ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስልሻል እንጂ አንቺን የሚበላሽ መሬት ነው።»

እዚህ ላይ አባቴ ትዝ አለኝ። የመንዝ ሰው ነበር። ልጅ ሳለ ገብስ ሲጠብቅ ማሳ ላይ እያደረ ነው ያደገው። ባናውን ለብሶ ይተኛ እንደነበር ደጋግሞ አውርቶልናል። እኔ የያዝኩት ባናውን ብቻ ነው። ለካ ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረች፦ «ገለባዬን ጎዝጉዤ፣ አጎዛዬን አንጥፌ...»። ሃያ ጊዜ ሰምቼ አንድም ጊዜ አልሰማኋትም። መርካቶ መሃል ቆሜ ዓይኔ እንባ ሞላ። ጋሼ ብርዱ ትዝ ብሏት ነው ብለው መሰለኝ፣ «አይዞሽ፣ መላ አለው» አሉኝ።

መላው እንዲህ ነው። ከሥር የሚነጠፍ ተጠቅላይ ስፖንጅ። ከላይ ቢቪው። ስሊፒንግ ባጉ ደግሞ ሌላ። የኔው 2.2 ኪሎ ነበር፣ ያወረዱልኝ የላባ ነው፣ 1.1 ኪሎ። የመጀመሪያዋን ቁጥር አሳዩኝ፣ ማይነስ 6 ትላለች። ከዚያ ካርቶን አንጥፈው «ግቢ» አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ መርካቶ ነው፣ ሰው ይተላለፋል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እስከ አገጬ ዘጉት። አንድ ተሸካሚ ሲያልፍ «ነፍስ ይማር!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ጋሼ ግን ሥራ ላይ ናቸው። ትከሻዬን ነካ፣ እግሬ ሥር ጨበጥ። አጭር ስለሆንኩ እግሬ ሥር ባዶ ቦታ ተረፈ። «ይሄን ባዶ ስታሞቂ ልታድሪ ነው። ጃኬትሽን እዚህ ጠቅጥቂው። የብረት ኮዳ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በካልሲ አልብሰሽ፣ እዚሁ ጨምሪ። ሃይላንድ እንዳታደርጊ፣ ይጨማደድና ያፈስብሻል።»

ስለ ላባው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። «ዝናብ የመታት ዶሮ አይተሻል? እርጥበት ከነካው እንደዚያ ነው የሚሆነው።» ቤት ውስጥም ታፍኖ አይቀመጥም፣ እንደ ጋቢ ተሰቅሎ ነው የሚያድረው።

ዋጋውን ስጠይቅ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «አሁን አትገዢም። ወስደሽ እደሪበት። ከሞቀሽ ትከፍያለሽ፣ ካልሞቀሽ ትመልሺያለሽ።» በሰዓት ውስጥ የተዋወቅን ሰዎች ነን! «መታወቂያዬን ልተውልዎ?» አልኳቸው። «መታወቂያሽን ምን ላድርገው፣ ልተኛበት?»

በዚህች ከተማ የከፈልኩበትን ዕቃ ደረሰኝ ይዤ መመለስ ያቃተኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይቺን ነገር በቀላሉ አትዩብኝ።

ጥር ላይ ያው ቦታ ተመለስኩ። ሆን ብዬ። ጓደኞቼ ድንኳን ተከሉ፣ እኔ ስፖንጄን አነጠፍኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ብርድ አይደለም የቀሰቀሰኝ፣ ሽንት ነው። ሙቀቱን ትቼ መውጣት አስጠልቶኝ ሩብ ሰዓት ተከራከርኩ። ንጋት ላይ ውጪው ሁሉ አመዳይ ነው። ቢቪው ላይ የጋገረው በረዶ ስገላበጥ እንደ ቆሎ ተንኮሻኮሸ። እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ፣ ደረቅ! አፌ አካባቢ ብቻ ትንሽ ረጥቧል። እሱንም «ወደ ውስጥ አትተንፍሺ» ብለውኝ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

እንደተኛሁ ፊቴን ስገልጥ ቀይ ቀበሮ በሐይቁ ዳር ስታልፍ አየሁ። ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። የድንኳኖቹ ሰዎች አላዩዋትም፣ ተኝተዋል።

ዲንሾ ኔትወርክ ስናገኝ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ሞቆኝ ነው ያደርኩት!»

«እግርሽስ?»

«እግሬም።»

«ጎሽ። በይ እንዳታጥቢው፣ አስተጣጠቡን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ባጉንም ቢቪውንም ገዛኋቸው። ያገለገሉ ስለሆኑ አዲስ ከገዛሁት ብዙም አልበለጠም። አሮጌውን ስሊፒንግ ባግ ልጥለው ስል ተቆጡኝ። «ለላንጋኖ ይሆንሻል፣ እዚያ ሙቅ ነው።» ቢፈልጉ ጣይው ብለው ሌላ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጉድለትም አለባቸው። ቀጠሮ ይረሳሉ። ዕቃቸው ብዙ አይደለም፣ የምትፈልጉት ልክ ላይገኝ ይችላል። ወረፋ ካለ ትቆማላችሁ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ሰው የት እንደሚያድር ይጠይቁታል። ቁሙ። ሰሜንም ሂዱ ባሌ፣ ጓሳም ሂዱ ወንጪ፣ አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። ዕቃ ገዝታችሁ ከሆነም ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥሯን ያነቡላችኋል። እባካችሁ ሂዱ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እዚህ አልለጥፍም። ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል ምሳ ላይ ናቸው፣ አትደውሉ። ስትሄዱ ደግሞ ደህና ካልሲ አድርጉ፣ ካርቶኑ ላይ ያስተኟችኋል።