ድሬዳዋ ላይ መንገዴን ያስቀጠሉኝ የባጃጅ ጋራዥና ቶርኖ ቤት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅጅጋ በሞተር ብቻዬን እየሄድኩ ድሬዳዋ መግቢያ ላይ የኋላ ጎማዬ ከዳኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሁለት ቤቶች ተጋግዘው መንገዴን አስቀጠሉኝ። አንዱ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ በኩል ባጃጆች ተደርድረው የሚሰሩበት ሰፈር ያለ ጋራዥ ነው። ሌላው ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ ቶርኖ ቤት፣ ብረት በማሽን የሚቆረጥበት። ሁለቱም ሰሌዳ የላቸውም። ጋራዡን ማንም ባለባጃጅ ያሳያችኋል፣ ቶርኖ ቤቱን ደግሞ "የምድር ባቡሩ ሰውዬ" ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቁልቢን አልፎ ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ቀኙ ወደ ሐረር፣ ግራው ቁልቁል ወደ ድሬ። ቁልቁለቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ኩርባ በኩርባ ነው፣ ላይ ጃኬት ቆልፈህ ትጀምርና ታች ሳትደርስ ላብ በላብ ትሆናለህ። እዚያ መሃል ሞተሯ ጭራዋን መቁላት ጀመረች። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ከኋላ የሆነ የሚያፋጭ ድምፅ። ዳር ይዤ በሁለት እግሯ አቆምኳትና ጎማውን ግራና ቀኝ ስወዘውዘው ይላወሳል። ኩሽኔታ! ጎማው እንዲሽከረከር መሃሉ የሚገባው ባለ ብይ ቀለበት። በዚያ ጎማ አንድም ኩርባ መጨመር አልፈለግኩም። ባዶውን የሚወርድ አይሱዙ ለምኜ አስጫንኩ (ሹፌሩ ሲነዳ ግን በራሴ ሞተር፣ በዚያው በተበላሸው ጎማ ብወርድ ይሻል ነበር እስክል ድረስ ነው ያስፈራኝ)።

ከተማ ስገባ መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት ጎማውን ሳይፈታ ፈረደብኝ። "ሙሉ ቸርኬ (የጎማውን ብረት) ከአዲስ አበባ አስመጣ።" መቼ ይደርሳል ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ብቻህን ስትጓዝ እንዲህ ያለ መልስ ያደክማል፣ አጠገብህ "ተው ሌላ ቦታ እንጠይቅ" የሚልህ ሰው የለማ። አንድ ባለባጃጅ ነው ሁኔታዬን አይቶ ወደ መጋላው ጋራዥ የመራኝ።

ድሬ የባጃጅ ከተማ ናት። ባለ ሶስት እግሯ ሲበላሽ የሚያይ ልጅ ደግሞ ለባለ ሁለት እግሯ አይጠፋውም። መካኒኩ ወጣት ነው። ሞተሩን ከማየቱ በፊት "አቦ ቁጭ በል፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ" አለኝ። ከዚያ ጎማውን የያዘውን ብረት፣ ፔርኖውን ነቅሎ ጎማውን አወጣና ኩሽኔታውን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ውስጡ ካሉት ብዮች የተወሰኑት የሉም፣ የቀሩት ዝገዋል። "ላቫጆ ታሳጥባታለህ?" አለኝ። አዎ ስለው ሳቀ። በኃይል የሚረጨው ውሃ በጎን ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ከዚያ ዝገት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። አዲስ ኩሽኔታ አመጣና በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ዘው ብሎ ገባ። መዶሻ የለ፣ ምን የለ። ኩሽኔታ በጣት ከገባ የሚቀመጥበት ሞዞ፣ የቸርኬው እምብርት፣ ሰፍቷል ማለት ነው፣ አዲሱም ብዙ አይቆይም። ዝም ብሎ ገጥሞ ገንዘቤን ሊቀበል ይችል ነበር፣ እኔም ምንም አላውቅም ነበር። እሱ ግን ሁለት መንገድ ነገረኝ። አንደኛው የሞዞውን ውስጥ በፑንታ መውጋት ወይም ከለስላሳ ቆርቆሮ የተቆረጠ ስስ ነገር ማስገባት ነው፣ እዚያው በአንድ ሰዓት ያልቃል። "ሐረር ታደርስሃለች። ለጅጅጋ ግን ዋስ አልሆንም።" ሁለተኛው ቶርኖ ቤት ወስዶ ሞዞውን ማስፋትና የብረት ቀለበት ማስገባት ነው፣ ያድራል፣ ብሩም ይበዛል። "እሱ የኔ ስራ አይደለም፣ የጋሼ ነው" ብሎ ጎማውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ራሱ ወሰደኝ። ለኔ ጥሩ መካኒክ እንዲህ ነው። ጥገናው እስከ የት እንደሚያደርስህ ይነግርሃል፣ ምርጫውን ላንተ ይተዋል።

ቶርኖ ቤቱን ሳይ ድሬ ለምን ድሬ እንደሆነች ነው የገባኝ። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከተማዋ እታች ተቆረቆረች፣ የባቡሩ ትልቅ ወርክሾፕም እዚሁ ሆነ። ስንት ትውልድ ብረት መቁረጥ የተማረው እዚያ ነው። ባለቤቱ ጋሼም የዚያ ወርክሾፕ ሰው ናቸው። ማሽናቸው ያረጀ ነው፣ ግን ትልቅ ስለሆነ ቸርኬውን ከነራጂው (ከነሽቦዎቹ) ዋጥ አደረገው። ትንሽ ቶርኖ ቢሆን ራጂ ሁሉ ተፈትቶ እንደገና መወጠር ነበረበት፣ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሞዞውን አስፍተው ቀለበቱን ከቀዳዳው በፀጉር ታህል አወፍረው ቆረጡት። ከዚያ አንድ ልጅ ጠሩና ቀለበቱን ጎረቤት ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ከሆኑት የውሃ ጠርሙሶች መሃል አስቀመጡት። ሞዞውን ደግሞ ቡታጋዝ ላይ አሞቁት። አልሙኒየም ሲሞቅ ይሰፋል፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ቀለበቱ ሲመጣ በጨርቅ ይዘው ለቀቅ አደረጉት፣ ጠቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ በመዶሻም አይወጣም። ከገባ በኋላ እንደገና ማሽኑ ላይ ጭነው ውስጡን ጨረሱት፣ መሃሉ እንዳይዛባ። ሲለኩ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጥሩት። "ትራንት ሳንክ፣ ልጄ፣ አለቀ" አሉኝ፣ ሠላሳ አምስት ማለት ነው። የባቡሩ መስሪያ ቤት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፣ ጣታቸው ላይ ቀርቷል።

በነገራችን ላይ ኩሽኔታ ለማግኘት የሞተር መለዋወጫ ሱቅ ብቻ አትዙሩ። ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር በየትም አገር አንድ ነው። የኔ 6202 ነው፣ ውስጡ 15፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር፣ የውሃ ፓምፕ ዕቃ የሚሸጥ ቤትም አለው። ሁለት ጎኑ በጎማ የተከደነውን ግዙ፣ አቧራና ውሃ ይከላከላል። ከመነሳታችሁ በፊት የፊትና የኋላውን ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ከተቻለ አንድ ጥንድ ቦርሳ ውስጥ ጣሉ፣ ክብደቱ ምንም አይደል።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ከምሳ በኋላ ጋራዡ ጭር ይላል። ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሙቀቱም በርጫውም ስራ አያሰራም፣ አንተም ጥላ ፍለጋ ትዞራለህ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ሲገጥሙ በሁለቱ ኩሽኔታ መሃል የምትገባዋን ቱቦ አልረሱም፣ ተመስገን፣ እሷ ከተረሳች ፔርኖው ሲጠብቅ አዲሱ ኩሽኔታ ይጨፈለቃል። ካቴናውን (ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት) ግን እንደ ክራር ክር ነው የወጠሩት። ሻንጣ ጭነህ ስትቀመጥባት ደግሞ ይብሳል፣ አስላልቼ ሁለት ጣት ያህል እንዲላወስ አደረግኩ። ረዳቱ ልጅ ደግሞ "ልሞክራት" ብሎ ያለ ሄልሜት ወጣና ቆየብኝ። ሲመለስ መሪው ላይ የጫት ፌስታል ተንጠልጥሏል። ሙከራው የተሳካ ይመስላል።

ዋጋ በቁጥር አልጽፍም፣ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል። የሁለቱ ቤት ሂሳብ ከነኩሽኔታው ተደምሮ ግን ሞተሯን አዲስ አበባ ድረስ ለማስጫን ከተጠየቅኩት ከግማሽ በታች ነው። መካኒኩ መጀመሪያ የነገረኝ ላይ አንድ ብር አልጨመረም። ለጋራዡ ከ5 አራት፣ ካቴናውና ፌስታሉ ባይኖሩ አምስት ነበር። ለጋሼ ሙሉ አምስት።

በማግስቱ በጠዋት ደንገጎን ወጣሁ። ላይ ስደርስ ቆሜ ሞዞውን በእጄ ነካሁት። እንዲህ ነው የሚሞከረው፣ ካቃጠለህ ኩሽኔታው ተጨንቋል ማለት ነው። ለብ ብሎ ነበር እንጂ አላቃጠለኝም። ሐረር ጀጎል ጋ ደግሜ ነካሁ፣ ያው ነው። ባቢሌ ለውዝ ልገዛ ስቆም ጎማውን ወዘወዝኩት፣ ንቅንቅ የለም። እስከ ጅጅጋ ደግሜ አላየሁትም።

የምትሄዱ ካላችሁ ጎማውን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አድርሱላቸው፣ ጋሼ ማለዳ ነው የሚሰሩት። ዓርብን ግን ተዉት፣ ጁምዓና በርጫ ከተከታተሉ እስከ ቅዳሜ ማንንም አታገኙም።