የሮማው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ፦ አገልግሎቱና የደጁ አደባባይ

ሮም ገብቶ ተርሚኒን ሳይረግጥ የሚወጣ መንገደኛ ጥቂት ነው። ወደ ፍሎረንስ፣ ሚላኖና ናፖሊ የሚሄዱት ፈጣን ባቡሮች ከዚህ ይነሣሉ፤ ኤ እና ቢ የተባሉት የሜትሮ መስመሮችም ከሥሩ ይገናኛሉ። የጎን ክንፎቹ በፋሺስቱ መንግሥት ዘመን በአርክቴክት አንጆሎ ማትሶኒ ንድፍ ተጀምረው ጦርነቱ ሥራውን ስላቋረጠው፣ ጣሪያው እንደ ማዕበል የሚወጣና የሚወርደው የፊት አዳራሽ በሌሎች ባለሙያዎች ተነድፎ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። በእኔ ዓይን የጣቢያው ውበት ይኸው አዳራሽ ነው።

ለሐበሻ እንግዳ ግን ከሕንፃው ይልቅ ደጁ ብዙ ይናገራል። አደባባዩ «የአምስት መቶዎቹ» ተብሎ የተሰየመው በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ሲሆን፣ ለእነርሱ የቆመው የግብፅ ሐውልትም መጀመሪያ ከጣቢያው ፊት ለፊት ነበረ፤ ዛሬ ጥቂት ራቅ ብሎ በአንድ መናፈሻ ውስጥ ይገኛል። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ የተተከለው በዚሁ ሐውልት ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። አንበሳው ወደ አገሩ ተመልሶ ለገሃር ቆሟል፤ የአደባባዩ ስም ግን እንዳለ ነው።

ወደ አገልግሎቱ ስንመለስ፣ ወደ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ በመንገድ ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ያደርሳል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። በርካሽ የሚሄደው የከተማ ዳርቻ ባቡር ተርሚኒን ስለማይነካ እርሱን የፈለገ ሰው ወደ ቲቡርቲና ወይም ትራስቴቬሬ ጣቢያ መሄድ አለበት። ለክፍለ ሀገር ባቡር የወረቀት ትኬት የገዛ ሰው ከመሳፈሩ በፊት በማተሚያው ሣጥን ማሳተም ይኖርበታል፤ ይህን የዘነጋ መንገደኛ ትኬት ይዞም ይቀጣል። ከ25 በላይ ቁጥር የተሰጣቸው መሳፈሪያዎች ከአዳራሹ እጅግ ስለሚርቁ፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ለእግር ጉዞው ብቻ አሥር ደቂቃ ቢይዝ አይበዛበትም። በትኬት መሸጫ መሣሪያዎቹ አጠገብ ሳይጠየቅ «ልርዳዎ» የሚል ሰው ከመጣ በትሕትና መሸኘት ይሻላል፤ ኪስና ቦርሳም መጠበቅ አለባቸው።

መቀመጫ አነስተኛ መሆኑ ዋናው ጉድለቱ ነው። ባቡሩ እስኪደርስ ረዘም ያለ ጊዜ ያለው ሰው በጆሊቲ ጎዳና በኩል ወዳለው መርካቶ ቼንትራሌ ቢገባ፣ ከማትሶኒ ዘመን በቀረው ግዙፍ የዕብነ በረድ ጭስ ማውጫ ሥር ተቀምጦ፣ ዋጋው ከውጭው ትንሽ ቢወደድም፣ ደህና ምግብ ያገኛል።