ቡችላ ፍለጋ በአዲስ አበባ፦ ከማን ገዛሁ፣ ከማን ሸሸሁ

ዘንድሮ ለገና አዲስ አበባ ስገባ ቤተሰቡ ያሸከመኝ ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ ለእናቴ ግቢ ውሻ መግዛት። የድሮው ውሻ አርጅቶ ሞቷል። የሠፈሩ ግማሽ ለልማት ፈርሶ ሌሊቱ ጭር ይላል። ዘበኛውም በዕድሜ ከእናቴ ብዙ አያንሱም። እናቴ «ሐበሻ ውሻ ይበቃኛል» ትላለች፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጀርመን ሼፐርድ ካልሆነ ብሎ ሙጭጭ አለ። ከፋዩ እኔ ስለሆንኩ የእኔን ሐሳብ የጠየቀ አልነበረም።

ከሜሪላንድ የሄድኩት ለዕረፍት ቢሆንም ዕረፍቴን የበላው ይኸው ፍለጋ ነው። ስለዚህ ሰው ሆቴልና አየር መንገድ እንደሚገመግም፣ እኔም ያጋጠሙኝን ሻጮች፣ ደላሎችና የእንስሳት ሐኪሞች ልገምግም። ስም አልጠራም፤ ያማረሩኝን ለጨዋነት፣ ያስደሰቱኝን ደግሞ ራሳቸው ስለከለከሉኝ።

ከመንገድ ዳር ልጀምር። መኪና በሚጨናነቅባቸው መብራቶች አካባቢ ወጣቶች ቡችላ ታቅፈው በመስኮት ያሳያሉ። «ጋሼ፣ ንጹህ ዘር ነው፤ እናቱ የኤምባሲ ውሻ ናት» አለኝ አንዱ። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። በከተማችን የኤምባሲ ውሾች ወለዷቸው የተባሉት ቡችሎች ሁሉ እውነት ቢሆኑ ኖሮ ዲፕሎማቶቹ ከአዋላጅነት ሌላ ሥራ የሚሠሩበት ጊዜ አይኖራቸውም ነበር።

መኪናውን ዳር አስይዤ አንዱን ተቀበልኩት። ሆዱ ተነፍቶ ቆዳው ተወጥሯል፤ የጎድን አጥንቱ ግን በጣት ይቆጠራል። «ጠግቦ ነው» አለ ልጁ። የጠገበ ቡችላ ሆዱ ብቻውን አይጠግብም፤ ጎኑ ከስቶ ሆዱ ከተነፋ ብዙውን ጊዜ ትል ነው። «ሁለት ወሩ ነው» ስላለኝ ከንፈሩን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የቡችላ የፊት ጥርስ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ገደማ ይወጣል፤ ሁለት ወር አካባቢ ሲሆነው ደግሞ ሃያ ስምንቱም የወተት ጥርሶች ይሞላሉ። ይህ ግን ከፊት ጥቂት መርፌ የሚያካክሉ ጥርሶች ብቻ ነበሩት፤ ከኋላ ድዱ ለስላሳ ነው። ከእናቱ ጡት የተነጠቀ ሕፃን ማለት ነው። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ ቡችላ ሲጫወት ጥርሱን መቆጣጠር የሚያስተምረው አያገኝም፤ ሲያድግ ነካሽ ወይም ድንጉጥ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ልጁን አመስግኜ መለስኩለት። ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ የዕለት እንጀራውን ፈላጊ ነው። ለዚህ አገልግሎት ግን ምንም ነጥብ አልሰጥም።

ቀጥሎ ቴሌግራም ነበር። እዚያ ሁሉም ነገር ያምራል። አንድ ደላላ አያት አካባቢ ተወለዱ ያላቸውን ቡችሎች ፎቶ ላከልኝ፤ ከእናታቸው ጋር ሣር ላይ ተኝተዋል፣ ከአጥሩ ሥር ግን በረዶ ተከምሯል። አያት በረዶ የሚዘንብበት ጊዜ እንዳለ አልክድም፤ እንዲህ ተከምሮ የሚከርምበትን ዘመን ግን አላስታውስም። የእናቲቱን ቪዲዮ አሁን ቀርጾ እንዲልክልኝ ስጠይቀው መልሱ «ብዙ ፈላጊ አለ፣ ቀብዱን በቴሌብር ያስገቡ» ሆነ። ወንድሜ በራሱ ስልክ ደውሎ ስለዚያው ቡችላ ቢጠይቅ ደግሞ ዋጋው ከእኔ በግማሽ አነሰ። የውጭ አገር የስልክ ቁጥር ይዞ ገበያ መውጣት በግንባር ላይ ዋጋ ለጥፎ እንደ መዞር ነው። ቡችላውን በዓይን ሳያዩ ቀብድ አይከፈልም፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ሦስተኛው ጋ ስንሄድ ተስፋ አድርጌ ነበር። ከከተማው ዳር ያለ ትልቅ ግቢ ነው፤ በሩ ላይ የውሻ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ አለ፣ ቢሮ አለው፣ ቡናም ይጋብዛል። ባለቤቱ «ዘር ከልጓም ይስባል» ብሎ ጀምሮ ስለ ውሾቹ የዘር ሐረግ ግማሽ ሰዓት ተረከልኝ። ሮትዋይለር፣ ዶበርማን፣ ሼፐርድ፣ ትንንሾቹ ነጫጭ ማልቲዞች፣ ሁሉም አሉ። እኔን ያሰጋኝም ይኸው ነው። አንድን ዝርያ ጠንቅቆ ማወቅ ዕድሜ ይፈልጋል፤ ሁሉንም የሚሸጥ ሰው ነጋዴ እንጂ አራቢ አይደለም። «እናቲቱን ልያት» ስለው «ወልዳ ስለሆነ ትቆጣለች» አለኝ። «በአጥር በኩልስ?» ስለው «ዛሬ ሐኪም ጋ ናት» ሆነች። በሁለት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከቤት ወጥታ ሐኪም ጋ የደረሰች ውሻ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ «ሰርተፊኬት» አመጣ። ስገልጠው የክትባት ካርድ ነው። ይህን አጥብቄ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። የክትባት ካርድ የዘር ማስረጃ አይደለም። የዘር ማስረጃ ማለት የወላጆቹን፣ የአያቶቹንና የቅድመ አያቶቹን ስምና የመዝገብ ቁጥር የያዘ፣ በታወቀ የውሻ ማኅበር የተሰጠና ከውሻው የማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ) ቁጥር ጋር የሚመሳከር ሰነድ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ራሱ የተጠበቀው በመዝገብ ነው፤ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለው የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ሆራንድ የተባለውን ውሻ ገዝቶ የዝርያውን ማኅበር ሲመሠርት መዝገቡ ላይ በመጀመሪያው ቁጥር ያሰፈረው እሱን ነው። ዛሬም ያ ማኅበር የወላጆቹ ዳሌ በራጅ ሳይመረመር ለማራባት ፈቃድ አይሰጥም፤ የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት የዝርያው ትልቅ ችግር ስለሆነ።

ካርዱም ቢሆን ጉድ ነበረው። ሁሉም መስመሮች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን የተጻፉ ይመስላሉ። ከክትባቱ ጠርሙስ ተልጦ የሚለጠፈው ትንሽ ወረቀት አንድም ቦታ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በተጻፈው ቀን ቡችላው ገና አምስት ሳምንቱ ነበር፤ ይህ ክትባት ግን በተለምዶ የሚሰጠው ከአሥራ ሁለት ሳምንት ጀምሮ ነው። ቡናው ጥሩ ነበር። ለቡናው አመስግኜ ወጣሁ።

መፍትሔው የመጣው ከመጀመሪያውኑ ልሄድበት ይገባኛል ብላ እናቴ ከነገረችኝ ቦታ ነው፤ ከሐኪም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ትላለች። ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረች አንዲት ሐኪም ቦሌ አካባቢ ትሠራለች። የማን ቡችሎች እየታመሙ እንደሚመጡ፣ የማን ደግሞ ለክትባት ብቻ እንደሚመጡ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሻጭ አልመከረችኝም፤ የሥራዋ ጨዋነት አይፈቅድላትም። «ሴት ውሻቸውን በየስድስት ወሩ የማያስጠቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ካሏቸው ይሸጡልዎታል፣ ከሌላቸው ይጠብቃሉ» አለችና ፈቃዳቸውን ጠይቃ ስልካቸውን ሰጠችኝ። ለዚህ ምክር ገንዘብ አልተቀበለችም።

ሽማግሌው የሚኖሩት በሰበታ መንገድ ነው፤ ጡረተኛ ናቸው፤ ሁለት ሴት ውሾች ብቻ አሏቸው። ገዢው እኔ ስሆን የተጠየቅኩትም እኔ ነኝ። ግቢው አጥሩ ምን ያህል ነው? ቀን በሰንሰለት ታስሩታላችሁ? የሚያበላው ማን ነው? እርስዎ ሲመለሱ ውሻው የማን ነው? እናትዎ ጎትቶ ቢጥላቸውስ? የመጨረሻው ጥያቄ ወንድሜን አስቆጣው፤ እኔን ግን ከጉዞው ሁሉ ያስደሰተኝ እሱ ነው። ቡችላው የት እንደሚያድር የሚጨነቅ ሻጭ እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም ነበር።

እናቲቱን ራሳቸው ጠርተው አመጧት። ከስታለች፣ ጡቶቿ ተንጠልጥለዋል፣ ጠጉሯ ረግፏል፤ ያጠባች ውሻ እንዲህ ነው፣ የምታብረቀርቅ ብትሆን ኖሮ ነበር የምጠራጠረው። እጄን አሸተተችና ሄዳ ቡችሎቿ አጠገብ ተኛች፤ ጩኸትም ጥርስ ማሳየትም የለም። ከቡችሎቹ አንዱን አንሥተው «ይኸኛው አንድ የዘር ፍሬው አልወረደም። ለጥበቃ ምንም አይለውም፤ ለማራባት ግን አይሆንም፣ ዋጋውም ያነሰ ነው» አሉ። ያልጠየቅኳቸውን ጉድለት ነው የነገሩኝ። ስለ ዳሌ ራጅ ስጠይቃቸው አላስነሡም፤ «የለም» አሉ በአጭሩ፣ ምክንያት አልደረደሩም። እዚህ ላይ ነጥብ እቀንሳለሁ። የዘር ሰነድ ያላት እናቲቱ ብቻ ናት፤ የአባትየው ባለቤት ሌላ ሰው ስለሆኑ ስልካቸውን ሰጥተውን ሄደን አየነው። ንጹህ ዘር ለመሆኑ የወረቀት ማረጋገጫ ለሚፈልግ ይህ ግማሽ መንገድ ነው። ለእናቴ ግቢ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ቡችሎቹ ገና ስድስት ሳምንታቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ የመመለሻ ቀኔ ደርሷል። ዛሬውኑ ልውሰደው ብል፣ ጨምሬ ልክፈል ብል፣ አልሆነም። «ትኬትዎ የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ ቡችላው ግን እናቱን አልጠገበም» አሉኝ። ወንድሜ ቆይቶ እንዲወስደው ተስማማን። ውሉን በራሳቸው እጅ በአንድ ገጽ ጻፉ፦ በሳምንት ውስጥ ቢታመምና ሐኪም ቢያረጋግጥ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ማሳደግ ቢያቅተን ወደ እሳቸው ይመለሳል እንጂ ለሌላ አይሸጥም። የዋጋ ድርድር የለም፤ ለወንድሜም ለእኔም የተናገሩት ዋጋ አንድ ነው።

ሐኪሟ ጋ ልመለስ። ወንድሜ ቡችላውን በወሰደው ማግስት አስመርምሯል፤ እኔ በቪዲዮ ነበርኩ። ክትባቱ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እስከ አሥራ ስድስት ሳምንት የሚደጋገመው ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያዎቹን መርፌዎች ሊያከሽፍ ስለሚችል እንደሆነ በሚገባ አስረዳችው። ክትባቱን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ጠርሙሱን አሳየችው፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳላቸውም ጠይቀናል። አዲስ አበባ ላይ ይህን ሳይጠይቁ ማስከተብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሙቀት የነካው ክትባት ከውኃ አይሻልም። ጎረቤት ግቢ ፓርቮ በሚባለው ቡችላ ገዳይ የቫይረስ በሽታ የሞተ ቡችላ ስለነበረ ቫይረሱ አፈር ላይ ለወራት እንደሚቆይ ነግራው፣ የሲሚንቶውን ወለል በበረኪና አጠብን፣ ቡችላውም ክትባቱን እስኪጨርስ በር እንዳይወጣ ተወሰነ። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ቀጠሮ ቢያዝም ወረፋው ረጅም ነው፣ የታመመውና ጤነኛው ውሻ በአንድ አግዳሚ ወንበር ሥር ይጠብቃል።

ትልቁ ጠብ የተነሣው በምግብ ነው። እናቴ እንደ ዱሮው ከሥጋ ቤት ሳንባ ልታስመጣ አስባ ነበር። ሐኪሟ ጥሬውን ከለከለች፤ በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚሠራ ትል አለ፣ ውሻው ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉም ወደ ሰው ይተላለፋል። በደንብ ይቀቀል ተባለ። «ለውሻ ደግሞ ወጥ ልሥራለት?» አለች እናቴ። አሁን ትቀቅላለች፤ እርድ ትጨምርበታለች ሲሉም ሰምቻለሁ።

ቡችላውን ገዝተው አብረው ወደ አሜሪካ ለመብረር ለሚያስቡ አንድ ነገር ልበል፤ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የውሻ እብደት በስፋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች፣ እዚያ ለተከተበ ውሻ በመንግሥት ሐኪም የጸደቀ የክትባት ማረጋገጫና በተፈቀደለት እንስሳት ማቆያ የተያዘ ቦታ ይጠየቃል፤ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ ውጤት ከሌለው ደግሞ እዚያው ሃያ ስምንት ቀን ይቆያል። ቺፑ ከክትባቱ በፊት መግባት አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። የደም ናሙናውም ከክትባቱ ቢያንስ ሠላሳ ቀን በኋላ፣ ከመግቢያው ቀን ቢያንስ ሃያ ስምንት ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሻጭ አላጋጠመኝም፤ ሐኪሟ ግን ቅጹን ከመሳቢያዋ አውጥታ ነው ያሳየችኝ።