ባለ 8×42 አቅርቦ ማያ መነጽር በአጨዳ ማሳ ዳር

ለወፍ ምልከታ መነጽር ሲመረጥ 10×42 ከ8×42 ይሻላል የሚል ብዙ ነው (የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል)። እህል በሚታጨድበት ማሳ ዳር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ ከፍ ስትል ከደረቁ መሬት የሚነሣው ሙቅ አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፤ 10 እጥፍ የሚያጎላው ወፏን ብቻ ሳይሆን መርገብገቡንና የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላል። ውድ ሌንስም ቢሆን አያድንም፤ ችግሩ ያለው አየሩ ውስጥ ነውና። በማለዳ መውጣት ወይም ጠጋ ማለት ነው የሚያዋጣው።

የ8×42 ትልቁ ጥቅም የእይታው ስፋት ነው፤ በ1000 ሜትር ርቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ130 እስከ 140 ሜትር ስፋት ያሳያል፣ 10×42 ግን 110 አካባቢ ነው። ኮምባይነሩ (የእህል ማጨጃ ማሽኑ) ሲያልፍ ፌንጣው ይፈናጠራል፣ አይጡ ይሮጣል፤ ጭላቱና ሽመላው ይከተሉታል። ድርጭት ደግሞ እስከ መጨረሻው በእህሉ ውስጥ ተደብቃ ቆይታ ድንገት ብድግ ትላለች፤ ዝቅ ብላ ትበርና ብዙ ሳትርቅ ታርፋለች። በጠባብ እይታ እሷን ማግኘት ዘበት ነው። ማሳው ሊያልቅ ሲል ሳይታጨድ በቀረችው ቁራጭ ላይ አተኩሩ፤ የተደበቀው ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ደካማ ጎኑ አቧራና እብቅ ነው። በናይትሮጅን የተሞላና ውኃ የማያስገባ ከሆነ ውስጡ አይቆሽሽም፤ የትኩረት መዘውሩና የዓይን ጎማው (ዓይን የሚያርፍበት ተዟዟሪ ጎማ) ግን አሸዋ ይዞ ይንቀራጨጫል። ሌንሱን በሸሚዝ መጥረግ ላዩ ላይ የተቀባውን ስስ ሽፋን ይቧጭራል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በጎማ መንፊያ ማራገፍ፣ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያ ጨርቁን (ሌንሱን አይደለም) በማጽጃ ፈሳሽ አርጥቦ ከመሃል ወደ ዳር ማዞር። ከነፋሱ በላይ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ መቆም ደግሞ ግማሹን ጽዳት ያስቀራል።

ከመግዛታችሁ በፊት የዳይኦፕተር ቀለበቱን፣ ማለትም የሁለቱን ዓይኖች የእይታ ልዩነት የሚያስተካክለውን፣ ነካኩት። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በቀኝ ዓይን በኩል ነው። የቀኙን የፊት ሌንስ ሸፍናችሁ በመዘውሩ የግራውን ታጠራላችሁ፤ ቀጥሎ ግራውን ሸፍናችሁ፣ መዘውሩን ሳትነኩ፣ የቀኙን በቀለበቱ ብቻ። ላላ ያለ ቀለበት በቦርሳ ውስጥ ሳይታወቅ ይዞራል፤ ከዚያ አንዱ ዓይን ይደበዝዛል፣ ራስ ምታትም ይከተላል። የሚቆለፈውን ምረጡ። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን ርቀቱ (ሙሉው ምስል እየታየ ዓይን ከኋላ ሌንሱ ሊርቅ የሚችልበት) ቢያንስ 16 ሚሊሜትር ይሁን፣ የዓይን ጎማውንም ወደ ታች አዙሩት።

አብሮት የሚመጣው ማንገቻ ብዙውን ጊዜ አይረባም። 700 ግራም ገደማ አንገት ላይ ሲውል ያደክማል፤ ክብደቱን በሁለቱ ትከሻ የሚያካፍል ማሰሪያ ለብቻ ይገዛ። የፊት ሌንስ ክዳኑም በማሰሪያ የተያያዘ ይሁን፤ ልቅ የሆነው ገለባ ውስጥ ከወደቀ አይገኝም።