ባለ 60 ሊትሩ አኳሪየም ከወራት በኋላ፦ መስታወቱን ውሰዱ፣ መመሪያውን አትመኑ

ይህ ግምገማ በአንድ ካርቶን ተሟልቶ ስለሚሸጠው ባለ 60 ሊትር አኳሪየም፣ ማለትም የመስታወት የዓሣ ገንዳ ነው። ብዙ ሰው የሚጽፈው ካርቶኑን እንደከፈተ ስለሆነ መስታወቱ ጥርት ማለቱንና መብራቱ ማማሩን ነግሮን ያልፋል። እኔ የምጽፈው ተክሎቹ ሥር ከሰደዱ፣ ዓሦቹ ካደጉ፣ ማጣሪያውም ተፈትቶ መገጠሙን ከለመደ በኋላ ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ዕቃው ጥሩ ነው፤ አብሮት የሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ግን ዓሣ ያስፈጃል።

ካርቶኑ ውስጥ መስታወቱ፣ ኤልኢዲ መብራት የተገጠመለት ክዳን፣ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ማጣሪያ፣ ባለ 50 ዋት ማሞቂያ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታና «ባክቴሪያ ማስጀመሪያ» የምትባል ትንሽ ጠርሙስ አሉ። የመስታወቱ ማጣበቂያ እስካሁን አንድም ቦታ አላፈሰሰም። ውሃው ብቻ 60 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፤ አሸዋው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሲደመሩ ወደ 80 ይጠጋል። የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጡት ያሰባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ሐሳባችሁን ቀይሩ።

ወደ መመሪያው ልምጣ። «ውሃ ሞልተው ማጣሪያውን 24 ሰዓት ያስኪዱ፣ ከዚያም ዓሣዎን ይጨምሩ» ይላል። ውሃው በ24 ሰዓት ጥርት ማለቱ እውነት ነው፤ ችግሩ ከዓይን ውጭ ያለው ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል ያለማቋረጥ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ይጨምራል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ይህንን የሚያነሳ የለም። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች የማጣሪያው ስፖንጅ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ሲሆኑ፣ በበቂ መጠን እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያ ስንጥብ ያቃጥላል። ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋልና ዓሣው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሆኖ አየር አጥሮት ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ናይትሬት በንጽጽር ገር ነው፤ በሳምንታዊ የውሃ ቅየራና በተክል ይያዛል።

ስለዚህ ገንዳውን ያስጀመርኩት ያለ ዓሣ ነው። ሽቶም ሳሙናም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም እስኪሆን ጨምሮ በጠብታ መመርመሪያ (ብልቃጥ ውስጥ በተቀዳ የገንዳ ውሃ ላይ ጠብታ ጨምረው ውጤቱን ከቀለሙ የሚያነቡበት) መከታተል ነው፤ ሌላ ተንኮል የለውም። ማሞቂያውን 27 ዲግሪ ላይ ማቆየት ባክቴሪያውን ያፈጥናል። የሚያስደስተውም የሚያሰለቸውም የናይትራይቱ ወቅት ነው። አሞኒያው ወርዶ ዜሮ ሲሆን «አለቀ» ያሰኛል፤ የናይትራይቱ ብልቃጥ ግን ጠብታው ገና እንደነካው ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይሄዳል፤ በማግስቱም፣ በሳምንቱም ያው ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሰማያዊ፣ ማለትም ዜሮ፣ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የጨመራችሁት 2 ሚሊ ግራም በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ ገንዳው ዝግጁ ነው። የናይትሬቱን መመርመሪያ ሁለተኛ ጠርሙስ ከመጠቀማችሁ በፊት በኃይል ናጡት፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ይዘቅጣል፤ ካልተናጠ ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ስለዚያች የባክቴሪያ ጠርሙስ ከጠየቃችሁኝ፣ አልጎዳችም፤ ናይትራይቱን ግን ስታፋጥነው አላየሁም።

ተክሎቹ ሥራውን አቅልለውታል። በፍጥነት የሚያድገው ሆርንዎርት አሞኒያውን በቀጥታ ይበላል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ድንጋይ ላይ በክር ይታሰራሉ፤ ሥሩ የሚወጣበት ወፍራም ግንድ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ክሪፕቶኮሪን ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉን ሁሉ አሟሙቶ ይጥላል፤ ነቅላችሁ አትጣሉት፣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የካርቶኑ መብራት ለእነዚህ ይበቃል፤ ቀያይ ተክል ወይም መሬት የሚያለብስ ሣር ለሚመኝ ግን አይበቃም። ሰዓት ቆጣሪ የለውም፤ ለብቻው ገዝቼ በቀን 7 ሰዓት ላይ አስሬዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስታወቱን የሚያለብሰው ቡናማ ዱቄት የአዲስ ገንዳ ነገር ነው፤ በጨርቅ ይጠረጋል፣ በራሱም ጊዜ ይጠፋል።

አሁን የምር ቅሬታዬ። ማጣሪያው የሚሠራው ካርበን (ከሰል) በታጨቀበት ስስ ካርትሪጅ፣ ማለትም ተነቃይ የማጣሪያ ክፍል ነው፤ መመሪያው «በየ4 ሳምንቱ አውጥተው በአዲስ ይተኩ» ይላል። እንግዲህ አስቡት፤ ባክቴሪያው ዋናውን ቤቱን የሠራው እዚያ ላይ ነው። በየወሩ እሱን መጣል ማለት በየወሩ ገንዳውን ወደ መነሻው መመለስ ማለት ነው። ካርትሪጅ መሸጥ ለአምራቹ ይጠቅመዋል፤ ዓሣውን አይጠቅመውም። ካርበኑም ቢሆን በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል፤ መድኃኒት ከውሃ ለማውጣት ካልሆነ በቀር ዘወትር አያስፈልግም። እኔ ገና ከመነሻው ካርትሪጁን ትቼ በልኩ የተቆረጠ ሸካራ ስፖንጅና ጥቂት የሴራሚክ ቀለበት አስገባሁበት። የውሃው ፍሰት ሲደክም ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አደርገዋለሁ፤ ቡናማ ጭቃ ይወጣዋል፣ ይመለሳል። የቧንቧ ውሃ አይነካውም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል። ያው ስፖንጅ እስከ ዛሬ አለ።

የካርቶኑ ሥዕል ላይ ወርቅ ዓሣ፣ ኤንጅል ዓሣና ኒዮን ቴትራ አብረው ይዋኛሉ። ማን እንዳሰበው እንጃ። ወርቅ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሻና ለ60 ሊትር የሚገዝፍ ነው፤ ኤንጅሉ ካደገ ኒዮኑ ራቱ ነው። የእኔ ገንዳ ውስጥ ያሉት 10 ኒዮን፣ 6 ፒግሚ ኮሪዶራስና አንድ ሃኒ ጎራሚ ናቸው። መጀመሪያ ኮሪዶራሶቹ ገቡ፤ ከቡድን ወደ ቡድን ሁለት ሳምንት ያህል እየጠበቅኩ፣ አሞኒያና ናይትራይት እየለካሁ ቀጠልኩ። ኒዮን አዲስ ገንዳ አይወድምና መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ኮሪዶራስ በጢሙ መሬት እየፈተሸ ስለሚበላ ደቃቅ አሸዋ ይሻላል፤ ስለታም ጠጠር ጢሙን ይፍቀዋል።

ስለ ዕቃው እርጅና ጥቂት ነገር። የማሞቂያው ቁጥር ከቴርሞሜትሩ በ2 ዲግሪ ይበልጣል፤ የተለየ ቴርሞሜትር ግዙ። የክዳኑ ማጠፊያ ፕላስቲክ ላልቷል። መብራቱ ከክዳኑ ጋር አንድ ላይ የተበየደ ስለሆነ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም ይለወጣሉ፤ ይህ ያናድደኛል። ማጣሪያው ድንገት መንኮሻኮሽ ከጀመረ ሞተሩ ተቃጠለ ብላችሁ አትሩጡ፤ ከተክል ጋር የሚመጡት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች መምጠጫው ውስጥ ይገባሉ። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የምትሽከረከረውን ክፍል ሳቡና አውጡ፣ ቅርፊቱን አራግፉ፣ መልሳችሁ ክተቱ። መምጠጫው አፍ ላይ ስስ ስፖንጅ ከሰካሁበት ወዲህ አልገቡም።