ካምቢዮዬን ሳያወርዱ መኪናዬን ላዳኑልኝ የደብረ ብርሃን መካኒክ ምስጋና

ከሸዋ ሮቢትና ከአካባቢው ሽንኩርትና ማሾ እየጫንኩ ደብረ ብርሃን የማደርስባት አንዲት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ አለችኝ። ከ1,300 ሜትር ከማይበልጥ ቆላ ተነስቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣሊያን የሠራውን የጣርማበር ዋሻ እስኪያገኝ ድረስ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣውን ያን ዳገት የሚያውቅ ሰው፣ ጭነት የያዘች መኪና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ክፍል) ምን እንደሚደርስባቸው አያጣውም። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ካጋጠመኝ ትልቅ ወጪ ያዳኑኝን አንድ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ችግር ያለበትን ሰው ወደ እሳቸው ለመጠቆም ነው።

ችግሩ የጀመረው በኅዳር ብርድ ነው። ጠዋት መኪናዋን አስነስቼ ስንቀሳቀስ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ይለኛል፤ ገፋ ሳደርገውም ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ እያሰማ ይገባል። የኋላ ማርሽማ ከዚያም ይብሳል። ፀሐይ ሞቅ ብሎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተጓዝኩ በኋላ ግን ሁለተኛው ረገብ ይላል። ስሙን መጥራት የማልፈልገው አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ማርሹን ሁለት ጊዜ አስገብተው አወጡና ሲንክሮናይዘሩ (የማርሾቹን ፍጥነት አመጣጥኖ ያለ ጩኸት የሚያስገባው ቀለበት) አልቋል፣ ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ እንዲያውም ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ቢመጣ ይሻላል አሉኝ። የጠየቁኝ ገንዘብ የአንድ ወቅት ትርፌን የሚበላ ስለነበር አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ወደ እኒህ ሰው የመራኝ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አባት የሚሆኑ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ባለሙያ ናቸው። የመኪናዬን ሁኔታ ስነግራቸው መሣሪያ አላነሡም፤ «ልጄ፣ አሁን ሞቃለች፣ ምንም አትነግረኝም፤ ዛሬ እዚሁ ትደር» አሉኝ። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገብተው ሞተሩን አስነሡ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጠው ጥቂት ቆዩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ጮኸ። ፍሪሲዮኑ በትክክል የሚለቅ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ያህል ከተጠበቀ በኋላ የካምቢዮው የውስጥ ጥርሶች መሽከርከራቸውን አቁመው ማርሹ ያለ ድምፅ ይገባ እንደነበር አስረዱኝ። የኋላ ማርሽ በአብዛኛው ሲንክሮናይዘር ስለሌለው፣ ጥፋቱ የፍሪሲዮን መሆን አለመሆኑን ቶሎ ያጋልጣል።

ከዚያ መኪናዋ ሥር ገብተው፣ በካምቢዮው ጎን ያለውን ትንሹን የፍሪሲዮን ሲሊንደር አቧራ መከላከያ ጎማ በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ውስጡ ተጠራቅሞ የነበረው ዘይት እጃቸው ላይ ተንጠባጠበ። የሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) አልቆ ዘይቱ ስለሚያፈስ፣ ፔዳሉን ብረግጠውም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ነበር ማለት ነው። የፍሪሲዮኑ ዘይት በሚሞላበት ላይኛው ዕቃ ውስጥ የቀረው ዘይት ከታችኛው ምልክት በታች ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ክዳን ከፍቼ አይቼው አላውቅም።

በዚህ ብቻ አላበቁም፤ ጠዋት ብቻ የሚብሰው ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። የካምቢዮውን ዘይት ለማፍሰስ ሲዘጋጁ መጀመሪያ የፈቱት የታችኛውን ሳይሆን የላይኛውን የመሙያ ቡሎን ነበር፤ ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ታችኛውን አፍስሼ ላይኛው እንቢ ቢለኝ በምን በኩል ልሞላልህ ነው?» አሉኝ። ዘይቱን በነጭ ሳፋ ተቀብለው ፀሐይ ላይ አወጡት። እንደ ማር እየተጎተተ የሚወርድ ወፍራም ዘይት ነበር፤ ከወራት በፊት ሌላ ቦታ ሳስቀይር «ድምፅ ያጠፋል» ተብሎ 140 ቁጥር ተሞልቶልኝ ኖሯል። ወፍራም ዘይት ያረጀ ኩሽኔታ (ተሽከርካሪውን ዘንግ የሚይዝ ክብ ብረት) ጩኸት ለጊዜው ይሸፍን ይሆናል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ግን ሲንክሮናይዘሩ ሥራውን በጊዜ እንዳይሠራ ይይዘዋል። ከዚያ ከአሮጌ ስፒከር ያወጡትን ማግኔት ዘይቱ ውስጥ አገላበጡት፤ የያዘው እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ የብረት ዱቄት ብቻ ነው። ስብርባሪ የለውም። ማግኔቱ የማይስበው ወርቃማ ብናኝ፣ ማለትም ከሲንክሮናይዘሩ የሚረግፈው ነሐስ፣ ሳፋው ሥር በጣም ጥቂት ታየ። «ይሄ የዕድሜዋ ነው፣ ለዚህ ካምቢዮ አይወርድም» አሉ።

ጎሚኒው ተቀየረ፣ የፍሪሲዮኑ መስመር አየር ወጣለት፣ ካምቢዮውም በመኪናዋ መመሪያ በታዘዘው 75 ደብሊው 90 ዘይት ከላይኛው ቀዳዳ መንጠብጠብ እስኪጀምር ድረስ ተሞላ። የዕቃው፣ የዘይቱና የእጃቸው ዋጋ ተደምሮ ቀድሞ ከተጠየቅሁት አንድ አሥረኛውን አልሞላም። የተቀየረውን አሮጌ ጎሚኒ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሁለተኛው ማርሽ በሁለት ጣት ይገባል።

እውነቱን ለመናገር የተቆጡኝም ነገር አለ። እግሬን ሁልጊዜ ፍሪሲዮኑ ላይ አሳርፌ የመንዳት ልማድ እንዳለኝ ፔዳሉ ላይ ካለቀው ጎማ ዐውቀው፣ እንዲህ ማድረግ የፍሪሲዮኑን ሸራና ኩሽኔታ እንደሚጨርስ ነገሩኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በዜሮ ማርሽ እንደምወርድ ስናዘዝላቸው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑ ብቻውን ያንን ቁልቁለት አይችለውም አሉኝ። በክረምት ቆላ ውስጥ ወንዝ ስሻገር ውኃው ካምቢዮው ላይ ከደረሰም ዘይቱን እንዳሳይ፣ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከተገኘ በዚያው ቀን እንዳስቀይር አስጠንቅቀውኛል።

ጉድለታቸውን አልደብቅም። ስልክ አያነሡም፤ ግቢያቸው በክረምት ጭቃ ነው፤ ሥራ ከበዛባቸውም ሁለት ቀን ሊያስጠብቁ ይችላሉ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ አይነኩም፤ እኔ ባለሁበት አንድ ሰው አምጥቶላቸው «እሱን የተማረበት ይይልህ» ብለው አዲስ አበባ ልከውታል። ይህንንም ከምስጋናዬ ምክንያቶች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ስማቸው እዚህ እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ ቃላቸውን አክብሬአለሁ፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ቦታውን እነግራለሁ። የምትሄዱ ሰዎች መኪናችሁን ከዋዜማው ማታ አድርሱላቸው፤ ጠዋት ሞተሩን ማንም ሳይነካው ራሳቸው ማስነሣት ይፈልጋሉ።