የወገብ ቦርሳዬ ከስምንት ወር በኋላ፦ ከጅሬን እስከ በለጤ ጫካ

ይህን ቦርሳ የገዛሁት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። በእነዚህ ስምንት ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጅማ ወጣ ስል አብሮኝ ያልወጣበት ቀን ጥቂት ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ስንቴ እንደወጣን አልቆጠርኩም። ቦዬ ረግረግ ዳር ጭቃ ተለውሷል። በለጤ ጫካ ውስጥ ዝናብ ወርዶበታል። አንዴ ተሰብሮ ተጠግኗል። አሁን ደህና አድርገን እንተዋወቃለን።

ዕቃው ሰፊ ቀበቶ ነው። ስፋቱ አራት ጣት ይሞላል፤ ዳሌ ላይ በሚያርፍበት በኩል ስፖንጅ ገብቶበታል። ከኋላ ስድስት ሊትር ገደማ የሚይዝ ቦርሳ አለው። ግራና ቀኝ ሃይላንድ የሚገባባቸው ሁለት ኪሶች አሉ። ከፊት ለስልክ የምትሆን ትንሽ ኪስ አለች። ሁሉም ቀበቶው ላይ የተሰፉ አይደሉም፤ ቀበቶው በማጥለቂያቸው ውስጥ ያልፋል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይንሸራተታሉ፤ ካልተፈለጉ ይወጣሉ። አዲስ አበባ ለሥራ ሄጄ መርካቶ ነው የገዛሁት፣ በ2,200 ብር። የታወቀ ብራንድ አይደለም።

የጀርባ ቦርሳዬን የተውኩት በላብ ምክንያት ነው። ጅማ እርጥብ አገር ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ ብርዱም ሙቀቱም መካከለኛ ነው፣ እርጥበቱ ግን አይለቅም። ዳገት ስወጣ ጀርባዬ ከቦርሳው ጋር ይጣበቃል። ከመሀል ከተማ ጅሬን ድረስ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ መንገዱ ሽቅብ ነው። አናቱ ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ አረፍ ስል ነፋሱ ይመጣና እርጥብ ሸሚዜን ጀርባዬ ላይ ያቀዘቅዘዋል። ሁለት ቅዳሜ ብርድ መትቶኝ እሁዴን ተኝቼ ውያለሁ። የወገብ ቦርሳው ይህን ጣጣ ገላግሎኛል። ጀርባዬ ክፍት ነው። ቀበቶው ሥር ብቻ ትንሽ ያልበኛል፣ እሱም ቶሎ ይደርቃል።

ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አልወደድኩትም። ለሰው ልሰጠው ሁሉ አስቤ ነበር። አንድ ሊትር ውሃ በቀኝ ኪስ አደርጋለሁ፤ ግራው ባዶ ነው። ቀበቶውን እንደ ሱሪ ቀበቶ እምብርቴ አካባቢ አጥብቄ አስራለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳልሄድ ቦርሳው ወደ ቀኝ ይዞራል። አንዱ ጎኔ ይቀላል። ሽቅብ ስወጣ ትንፋሼን ይይዘኛል፣ ቁልቁል ስወርድ ደግሞ ኋላዬን ይደበድበኛል። ጥፋቱ የቦርሳው መስሎኝ ነበር።

ያስተካከሉኝ የሰፈራችን አንድ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራቸው ላይ ቆመው ቀበቶዬን ስታገል አዩኝ።

«ልጄ፣ አስተጣጠቅሽ ልክ አይደለም» አሉኝ።

«ምኑ ነው አባባ?»

«ሆድሽ ላይ ነው ያሰርሽው። ዝናር ሆድ ላይ አይታሰርም፣ አጥንት ላይ ይቀመጣል።» ሁለት መዳፋቸውን ዳሌያቸው ላይ፣ አጥንቱ ወጣ ያለበት ቦታ ላይ አሳረፉ። «ደግሞ አንድ ጎን አይከብድም። ጥይቱ ዙሪያውን እኩል ነው። ለምን ይመስልሻል?»

ቀበቶውን ፈታሁና ዝቅ አድርጌ፣ የዳሌዬ አጥንት የቀበቶው መሀል ላይ እንዲያርፍ አድርጌ አሰርኩት። ወዲያው ነው ልዩነቱ የተሰማኝ። ሆዴ ነፃ ሆነ። ክብደቱ አጥንቱ ላይ ተንጠለጠለ፤ እግሬ እንጂ ወገቤ አልተሸከመውም። የዕለቱን መንገድ ሄጄ ስመለስ ጎኔ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦርሳውን የማዘጋጀው እንደ ዝናር ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት ለዚሁ ነው፤ ብዙ ሰው ቦርሳውን ገዝቶ፣ እንደኔ አስሮ፣ «አይረባም» ብሎ ጓዳ ይጥለዋልና።

አሁን እንዴት እንደምሞላው ልንገራችሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ከምይዘው ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ስለዚህ አንዱን ትልቅ ጠርሙስ ትቼ በሁለት ትንንሽ ሃይላንድ ከፈልኩት፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ኪሶቹን ከዳሌዬ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደርጋቸዋለሁ። ልክ ጎኔ ላይ ከሆኑ ክንዴ ሲወዛወዝ ይነካቸዋል። በጣም ወደ ኋላ ከሄዱ ደግሞ እጄ አይደርስም። ስጠጣ በተራ ነው፤ ከግራው ትንሽ፣ ከቀኙ ትንሽ። ከአንዱ ብቻ ጠጥቶ መጨረስ ያንኑ የድሮ መዞር ያመጣል።

ከኋላ ባለው ቦርሳ ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ጀርባዬን ተጠግቶ ይገባል። ለእኔ ይህ ምሳዬና ፓወር ባንኩ ነው። ቀላሉ፣ የዝናብ ልብሴና ነጠላ፣ ወደ ውጭ ይሆናል። ከባዱ ወደ ውጭ ከሆነ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጋደምና በየእርምጃው ይመታችኋል። ጎንና ጎኑ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማጥበቂያዎች አትርሷቸው። እነሱ የቦርሳውን አናት ወደ ጀርባ ይስቡታል። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ጌጥ መስለውኝ ሳልነካቸው ኖሬያለሁ።

ሰፈራችን ባለ ሱቅ ዘንድ ሚዛን ላይ አስቀምጬው ነበር። ሞልቶ 3 ኪሎ ተኩል ሲሆን ለሰዓታት አይሰማኝም። 4 ኪሎ ሲያልፍ ግን ዳሌዬ ይናገራል። ከዚያ በላይ የሚይዝ ሰው ማንገቻ ያስፈልገዋል፤ የእኔው ደግሞ ማንገቻ መስቀያ የለውም።

አለባበስም ለውጥ ያመጣል። ወፍራም የሱሪ ቀበቶ ከሥር አድርጋችሁ ይህን ከላይ ብታስሩበት የሱሪው ዘለበት ሥጋችሁን ይበላዋል። እኔ ባለ ላስቲክ ሱሪ ነው የማደርገው። ምሳ ከበላሁ በኋላ አንድ ጣት ያህል አላላዋለሁ፤ ከዚያ መንገድ ስጀምር መልሼ አጠብቃለሁ።

ስለ ዝናብ ደግሞ ብዙ የምለው አለኝ። ሲሸጡልኝ «ውሃ አያስገባም» ብለውኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ በለጤ ሄድን። በሰቃና በሸቤ አድርጎ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ዝግባና ቀረሮ የቆመበት፣ ከሥሩ ቡና የሚበቅልበት፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘልበት ጫካ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተከፈተ። ጫካ ውስጥ ዝናቡ ካቆመም በኋላ ቅጠሉ ማንጠባጠቡን አይተውም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲንጠባጠብብን ነበር። ቦርሳውን ስከፍት ዳቦዬ ርሷል፣ መታወቂያዬ ርሷል፣ ፋሻና ፕላስተሩ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ጨርቁስ እውነትም ውሃ አያስገባም። ውሃው የገባው በዚፑና መርፌ በወጋው ስፌት በኩል ነው።

ከዚያ ወዲህ በላዩ ላይ ምንም አላለብስም፤ ከውስጥ ነው የምከላከለው። ወፍራም ላስቲክ በቦርሳው ልክ ገዝቼ እንደ ገበር አስገባሁት፤ ዕቃውን ከጨመርኩ በኋላ አፉን ጠቅልዬ አጥፈዋለሁ። ቀጭን ፌስታል አይሆንም፣ ሁለተኛ ቀኑ ላይ ይቀደዳል። ስልክና መታወቂያ ለብቻቸው ሌላ ላስቲክ አላቸው። ግንቦት ሙሉ ዝናብ መታኝ፤ አንድ ወረቀት እንኳ አልረጠበም።

የዘለበቱን ነገር ልንገራችሁ። መጋቢት ላይ ከሸቤ ስንመለስ የሚኒባሱ በር ዘለበቱን ያዘውና አንዱ ጥርሱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቀበቶው ከወገቤ ወደቀ። ከሚኒባሱ ከወረድን በኋላ ገና በእግር የምንሄደው መንገድ ነበረን። አያቴ መቀነቷን የምታስርበት ዘዴ ትዝ አለኝ። ሁለት ዙር አጠማዝዛ ጫፉን ከሥር ትሸጉጠዋለች እንጂ አትቋጥረውም። ማሰሪያውን እንደዚያው አደረግኩት። ቤቴ እስክገባ አልተፈታም። በነጋታው ገበያው አጠገብ የሚቀመጥ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ ላይ ወፈር ያለ ዘለበት ነቅሎ፣ በወስፌ ወግቶ፣ በሰም በተቀባ ክር ሰፋልኝ። 80 ብር። ከፋብሪካው የተሻለ ነው፤ ሦስት ወር ሆነው፣ አልነቃነቀም።

እዚያው እያለሁ ሌላም ችግር አሳየሁት። ማሰሪያው ናይለን ስለሆነ ሲረጥብ በማጥበቂያው ውስጥ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ በሰዓት አንዴ ማጥበቅ ነበረብኝ። የተረፈው ጫፍ ደግሞ ይንጠለጠልና የቡና ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ጫማ ሰፊው ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፎ ሰፋው፣ እጥፉ እንዳይወጣ ይገታል። ከዚያ ትንሽ ላስቲክ ቀለበት ጨመረልኝ፤ የተረፈውን እሱ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ። አዲስ የምትገዙ ሰዎች ገና ከመንገድ በፊት ይህን አሠሩ።

ዚፑ ጭቃ አይወድም። የቦዬ ጭቃ ሲደርቅ ጥርሱ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። እንዲያ ሆኖ በኃይል ከጎተታችሁት ይበላሻል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቡት፣ ሲደርቅ ሻማ እሹበት። በቃ፣ ይለሰልሳል።

ሌላው፣ ቡና ጫካ ውስጥ ቦርሳችሁን መሬት አታስቀምጡ። ቅርንጫፍ ላይ ስቀሉት። እኔ አንዴ ለምሳ ፈትቼ መሬት ላይ ተውኩት። ገብረ ጉንዳን በመስመር እየሄደ ነበር፣ አላየሁትም። መልሼ ስታጠቀው ስፖንጁ ውስጥ የገቡት ወገቤን ዙሪያውን ነከሱኝ። እዚያው መንገድ ላይ ፈትቼ ማራገፍ ነበረብኝ።

ያልወደድኩት? ዋናው የቦርሳው ውስጥ ነው። ጨርቁ ከውስጥ በኩል ፕላስቲክ ነገር ተቀብቷል፣ ውሃ እንዳያስገባ። ይህ ቅብ እርጥበት ሲበዛበት ቀስ በቀስ ይበላሻል። በሰባተኛው ወር እጄን ስከት መጣበቅ ጀመረ። አሁን እንደ ቅርፊት እየተላጠ ዕቃዬ ላይ ይቀራል። ጥፋቱ የእኔም አለበት፤ መጀመሪያ ላይ ከመንገድ ስመለስ እንደታሸገ በር ኋላ ሰቅዬው እተኛ ነበር። ጅማ ላይ እርጥብ ዕቃ ከዘጋችሁበት ሻጋታው ሩቅ አይደለም። አሁን እንደገባሁ ሁሉንም ዚፕ እከፍታለሁ፣ ላስቲኩን አወጣለሁ፣ በረንዳ ጥላ ላይ ገልብጬ እሰቅለዋለሁ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና በእጅ ነው የማጥበው።

ከዚያ ሌላ መጠኑ ነው። ለግማሽ ቀን፣ ለጅሬንና ለቦዬ፣ ልክ ነው። ቦዬ ላይ ጉማሬዎቹን ከርቀት ሳይ እጄም ትከሻዬም ነፃ ነው፤ ጎንበስ ስል የሚንሸራተትብኝ ነገር የለም። በለጤ ሙሉ ቀን ለመሄድ ግን ሁለት ሊትር ውሃ፣ ወፍራም የዝናብ ልብስና ተቀያሪ ካልሲ ያስፈልጋል። እሱ እዚህ አይገባም። ሐምሌና ነሐሴ የጀርባ ቦርሳዬን መልሼ አወጣለሁ፤ ላቡን እችለዋለሁ። ሚኒባስ ውስጥም ኋላውን ይዞ መቀመጥ አይቻልም። ከመግባታችሁ በፊት ወደ ፊት አዙሩት። ሂርማታ ገበያም ስገባ እንዲሁ አደርጋለሁ፣ ለዕቃዬ ደህንነት።

እንደገና እገዛው ነበር ወይ? ቀበቶውንና ሁለቱን የውሃ ኪሶች፣ አዎ፣ ሳላመነታ። ስፖንጁ አልጠፈጠፈም፣ ስፌቱ አልለቀቀም። የኋላውን ቦርሳ ግን አልገዛውም። ጫማ ሰፊው ዘንድ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ከወፍራም ሸራ እንዲሠራልኝ ተነጋግረናል። የድሮውን ማጥለቂያ ለካ፣ ከላይ የሚታጠፍ ክዳን እንጂ ዚፕ እንዳይኖረው ነገርኩት። ለመስከረም ይደርሳል ብሎኛል።